ግራና ቀኝ አንድ ላይ

ሬሳው ጌም ይጫወት ነበር።

በሩን ከፍቶ ለገባ ሰው የሚመስለው እንደዚያ ነው። ወንበሩ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ሁለቱ እጆቹ ጭኑ ላይ ባለው ጥቁር ሣጥን ላይ በሥርዓት ተዘርግተዋል፤ የግራው አውራ ጣት ሳይቀር የራሱን ቁልፍ ይዟል። ዓይኖቹ ስክሪኑ ላይ ተተክለዋል። እዚያ ሁለት ተዋጊዎች ቡጢያቸውን ጨብጠው፣ የሚቀጥለውን ዙር እየጠበቁ ይወዛወዛሉ። አንገቱ ላይ የተጠመጠመውን ገመድ ያላየ ሰው፣ «አንተ ሰው፣ ዛሬ ምሳ የለም እንዴ?» ብሎ ትከሻውን ሊነካው ይችላል።

ሣጥኑን የሠራችው ሚጣ ያደረገችው ይህንኑ ነው። አንድ ብርጭቆ ውኃ ይዛ ገባች፤ ትከሻውን ነካችው፤ ጭንቅላቱ ወደ ጎን ዘንበል አለ። ያኔ የጮኸችው ጩኸት የሕንፃውን መስኮት ሁሉ አንቀጠቀጠ። ማዶ ያለው ካፌ ውስጥ ሲኒዎች ከነማስቀመጫቸው ተነሥተው ቁጭ አሉ፤ መንገድ ላይ የነበረ የታክሲ ሾፌር ጎማው የፈነዳ መስሎት ወርዶ አራቱንም በእግሩ መታ መታ አደረገ። ከዚያ በኋላ የመጣው ጸጥታ ግን ከጩኸቱ ይብስ ነበር። በጸጥታው ውስጥ የጌሙ ሙዚቃ ብቻ እየዞረ፣ እየዞረ ይሰማል። የሚያጠፋው ሰው አልተገኘም።

ሟቹን ሁሉም «ዳኛው» ይለዋል። በድብድብ ጌም ዓለም የእሱ ቃል ሕግ ነው፤ አንዱን ጆይስቲክ «አይረባም» ቢል፣ ሠሪው ከተማ ለቅቆ ንብ ማርባት ጀምሯል። ወደዚህ ወርክሾፕ የመጣው የተጫዋቾች ማኅበር ልኮት ነው፦ ሚጣ የሠራችውን ሣጥን መርምሮ፣ በውድድር ላይ «ይግባ» ወይም «አይግባ» እንዲል። ውሳኔውን ነገ ማኅበሩ ፊት ሊናገር ነበር። እስከዚያ ድረስ ሣጥኑ ከውድድር የታገደ ነው።

የድብድብ ጌም ድሮ የሚጫወቱት በዘንግ ነበር፤ በግራ እጅ ጨብጠው ወደ አራቱም አቅጣጫ በሚወዘውዙት አጭር ዱላ። የሚጣ ሣጥን ዘንግ የለውም። ሁሉ ነገሩ ቁልፍ ነው። ግራ፣ ታችና ቀኝ በግራ እጅ ሦስት ጣቶች ሥር ይሰለፋሉ፤ መዝለያው ደግሞ ከሁሉም በታች፣ ለአውራ ጣት የተተወ እንደ ብስኩት የሰፋ ክብ ቁልፍ ነው። ዘንግ ከጫፍ ጫፍ ተጉዞ እስኪደርስ ጣት ሥራውን ጨርሶ፣ ታጥቦ ይተኛል። በዚህ የተነሣ ወንድማማቾች ተኳርፈዋል፤ ሠርግ ሊፈርስ የደረሰበትም ጊዜ አለ። አሁን ደግሞ ሰው ሞተበት።

መርማሪው ሲደርስ ደመናው ከመክበዱ የተነሣ ጣሪያው ላይ የተቀመጠ ይመስል ነበር። የሕንፃው ደረጃ እጅግ ጠባብ ነው፤ ቀጭን ሰው እንኳ የሚወጣው ጥላውን ታች አስቀምጦ ነው። መርማሪውን ባልደረቦቹ «ወንፊት» ይሉታል። ሰው የሚያወራውን ሁሉ እንዲያልፍ ይተወዋል፤ ጠጠሯ ግን እሱ ዘንድ ትቀራለች። ቁመቱ አጭር፣ ዝምታው ረጅም ነው። አንድ ጊዜ አንድ ሌባ ፊት ዝም ብሎ ቢቀመጥ፣ ሌባው የራሱ አልበቃ ብሎት የአክስቱን ልጅ ስርቆት ጭምር ተናዟል።

«ነገሩ ያለቀ ነው፣ ጌታዬ» አለ በሩ ላይ የቆመው ሃምሳ አለቃ።

«ያለቀ ነገር አልወድም። ከመጀመሪያው ንገረኝ።»

«ከምሳ በፊት ዳኛው እዚህ ክፍል ውስጥ ብቻውን ሆኖ፣ ሌላ ከተማ ካለ ተጫዋች ጋር በኢንተርኔት ገጠመ። ሣጥኑን ለመሞከር ነው። ግጥሚያው አዳራሹ ውስጥ ባለው ትልቅ ስክሪን ላይም ይታይ ነበር፤ ልጅቷና አጎቷ አብረው ቆመው እስከ መጨረሻው አይተዋል። እስከዚያ ድረስ እንግዲህ ሰውዬው ነፍሱ አለች።»

«እሺ።»

«ግጥሚያው ሲያልቅ አጎትዬው ካፌ ሄደ። ዘንጌም እዚያ ነበር።»

«ዘንጌ ማነው?»

«ዘንጌን አያውቁትም?» የሃምሳ አለቃው ዓይን በርቶ ጠፋ። «ቻምፒዮኑ ነዋ! በዘንግ ተጫውቶ ዋንጫውን የወሰደው። ልጄ ፎቶውን መኝታ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጥፎታል። እሱና አጎትዬው ጩኸት እስኪሰሙ ድረስ አንድ ጠረጴዛ ላይ ነበሩ፤ አስተናጋጇ መስክራለች። ሕንፃው ውስጥ ማን ቀረ? ልጅቷ።»

ወንፊት ወደ ክፍሉ የኋላ በር ተመለከተ። በሩ ወደ ውጭ ደረጃ ይወስዳል፤ ብረቱ በንፋስ ይንቋቋል።

«እሱም አይዘጋም» አለ ሃምሳ አለቃው፣ «ክፍሉ ስለሚሞቅ። ግን የውጭ ሰው ገድሎ ሬሳውን እንዲህ ያስቀምጣል? ጣቶቹን ይመልከቷቸው፣ አንድም አልተሳሳተም። ሣጥኑ ላይ የነበረው አሻራም ተጠርጓል። ይኼ ሣጥኑን አብጠርጥሮ የሚያውቅ ሰው ሥራ ነው። ከሠራችው በላይ ማን ያውቀዋል?»

«ምክንያቷስ?»

«ጠዋት ተጣልተዋል። ‹ገደልከኝ እኮ!› እያለች ስትጮህ የገዛ አጎቷ ሰምቷታል።»

«ሃምሳ አለቃ፣ ሚስትህ በሳምንት ስንቴ ነው ‹ገደልከኝ› የምትልህ?»

ሃምሳ አለቃው ጉሮሮውን ጠረገ። «እሱ ሌላ ነገር ነው፣ ጌታዬ።»

ሬሳውን አነሡት። በኮሪደሩ ሲያልፍ፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ የተቀመጡት የሚጣ እናት የልጃቸውን ጃኬት ደረታቸው ላይ አጥብቀው ተነሡ።

«ልጄንም ሊወስዷት ነው?»

«መኪናው ሬሳውን አድርሶ እስኪመለስ ጊዜ አለን፣ እናቴ» አለ ወንፊት።

«ሲመለስስ?»

ሃምሳ አለቃው ወገቡ ላይ ያለውን ካቴና ነካ አደረገ።

አጎትዬው አዳራሹ ውስጥ፣ በሽቦና በተፈቱ ቁልፎች መሐል ተቀምጦ ላቡን ይጠርጋል። ላቡ ለአንድ መለስተኛ የአትክልት ቦታ ይበቃል።

«ጋሼ፣ ጠዋት በምን ተጣሉ?»

«ሣጥኑን ለውጪ አላት። ምኑን እንደሆነ አልገባኝም። እኔ በዕድሜዬ የቴሌቪዥን ሪሞት በትክክል ተጭኜ አላውቅም! ወርክሾፑን የከፈትኩት እህቴ ‹ልጄን አንድ ቦታ አስይዝልኝ› ብላ ለምናኝ ነው።»

ወንፊት መደርደሪያው ላይ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ሌላ ሣጥን አየ። «ይኼስ?»

«የመጀመሪያው ናሙና ነው። ሐሳብ እንዲሰጠን ለዘንጌ አውሰነው ነበር። ከርሞ ከርሞ፣ ዋንጫውን ከወሰደ በኋላ፣ እንደተጠቀለለ መለሰው። ‹እኔ የልብስ ስፌት መኪና አልነካም› አለን፣ ያ ጥጋበኛ።»

ወንፊት ፕላስቲኩን ፈታ፤ ሣጥኑን ከአዳራሹ ስክሪን ጋር አገናኘና አጎትዬው ጭን ላይ አስቀመጠው። «እስቲ ተዋጊውን አስዘልሉልኝ።»

አጎትዬው ትኩስ ምጣድ እንደሚፈራ ሰው አንድ ጣቱን ቀስሮ፣ ከሁሉም በላይ ያለውን ቁልፍ ነካ። ተዋጊው አየሩን በእርግጫ መታ። «ወደ ላይ አይደል እንዴ የሚዘለለው?» አለ ግራ ገብቶት።

«እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ግጥሚያውን ስታዩ ሚጣ እንዴት ነበረች?»

«ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። ጥፍሯን ጨርሳ ወደ ጣቷ እንዳትገባ ፈርቻለሁ።»

«ዘንጌስ የት ነበር?»

«ከግጥሚያው በፊት ዳኛውን አነጋግሮ ወጣ፤ ‹ጋሼ፣ ካፌ እንገናኝ› ብሎኝ በዋናው ደረጃ ወረደ።»

«ካፌ ሲገቡ ተቀምጦ አገኙት?»

«የለም፣ እኔ ወንበር ስስብ ከኋላዬ ገባ። ውጭ ስልክ እያወራሁ ነበር አለ።»

ሚጣ ጥግ ላይ፣ እጆቿን ከጭኗ ሥር አድርጋ ተቀምጣለች። ሃምሳ አለቃው በአጠገቧ እንደ ቁም ሣጥን ቆሟል። ወንፊት በርከክ ብሎ ፊቷ ተቀመጠ።

«ምኑን ነው ለውጪ ያለሽ?»

«ግራና ቀኝ አንድ ላይ ሲነኩ የሚሆነውን።»

«ቀስ ብለሽ፣ የኔ እህት። እኔ ከአጎትሽ ብዙም አልሻልም።»

ስለ ሣጥኑ መናገር ስትጀምር ድምፅዋ ትንሽ ነፍስ ዘራ። «ዘንግ አንድ ነው። ከግራ ወደ ቀኝ ሲሄድ የግድ መሐሉን ያልፋል። በቁልፍ ግን ሁለቱንም አንድ ላይ መጫን ይቻላል። እኔ መጀመሪያ የሠራሁት፣ ኋላ የተነካው እንዲያሸንፍ ነበር። ግራን እንደያዙ ቀኝን ነካ ካደረጉ ተዋጊው ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ቀኝን ሲለቁ እዚያው ወደ ግራ ይመለሳል። መሐል ላይ አይቆምም። ዳኛው ‹ይኼ በዘንግ ለሚጫወተው ግፍ ነው› አለ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲነኩ ይሻሻሩ፣ ተዋጊው ቀጥ ብሎ ይቁም አለኝ። ያን ሁሉ ልፋቴን! ‹ገደልከኝ እኮ› አልኩት። ደግሞም ለወጥኩት፤ ጠዋቱን ለወጥኩት።»

«መለወጡን ከሁለታችሁ ሌላ ማን ያውቃል?»

«ማንም። ጋሼም ጠቡን ሰማ እንጂ ምኑ እንደተለወጠ አልገባውም።»

«ግጥሚያውን ስታዪ ፊትሽ ለምን አመድ መሰለ?»

ዝም አለች። ወንፊትም ዝም አለ። የእሱ ዝምታ ያንን ሌባ ያናዘዘው ዓይነት ነበር፤ አጎትዬው እንኳ በሩቅ ሆኖ ያልሠራውን ኃጢአት ማስታወስ ጀመረ።

«ተበላሽቶ ነዋ!» አለች በመጨረሻ። «ተዋጊው ሊሄድ ይነሣና ቀጥ ይላል። እንደገና ይነሣል፣ ቀጥ ይላል። ጠዋት ሲሞክረው እንደዚያ አልነበረም። የለወጥኩት ነገር የከሸፈ መሰለኝ። ውኃ ይዤ የገባሁት፣ ይቅርታ ጠይቄ ሣጥኑን ልቀበለው ነበር።»

«ይህን ለሃምሳ አለቃው ለምን አልነገርሽውም?»

«ሥራዬ ተበላሽቷል ብዬ?»

«አንቺ ልጅ፣ ሰው ገደልሽ ተብለሽ፣ የምታፍሪው በሣጥንሽ ነው?»

«ይኸው!» አለ ሃምሳ አለቃው እጁን አጨብጭቦ። «ሣጥኗ ሊወድቅባት ነው! ዳኛው ነገ ‹አይግባ› ከማለቱ በፊት አፉን ዘጋችው። ጌታዬ፣ ገመዱን በራሷ እጅ አጠበቀችው።»

ሚጣ ቀና ብላ እናቷን በክፍት በሩ አየቻቸው። እናትዬው ሁሉንም ሰምተዋል።

ዘንጌ ሲገባ ደረቱ ቀድሞት ገባ። ጣቶቹ ረጃጅም ናቸው፤ ሲናገር ጠረጴዛ ላይ ይሮጣሉ፣ ንፋሳቸው ወረቀት ይገልጣል። «ያሳዝናል» አለ። «ዳኛው ለእኔ ታላቅ ወንድሜ ማለት ነበር።»

«ምን አወራችሁ?»

«‹ሣጥኑን አግደው› አልኩት። ጀግና በዘንግ ነው! ያ ነገር የጸሐፊ ዕቃ ነው፤ ማመልከቻ ይጻፍበት።»

«አንተ ሞክረኸው ታውቃለህ?»

«ነክቼውም አላውቅ። ዓይኔ ካየው እንኳ እታጠባለሁ።»

ወንፊት ናሙናውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ነበር። እየተነጋገሩ አንዱን ቁልፍ ሲጫን ተዋጊው ቁጢጥ አለ። ሌላውን ሲነካ ጀርባውን ሰጠ። «ይቅርታ፣ ለሪፖርቴ ይህን ነገር ማወቅ አለብኝ። መዝለያው ይኼ ነው?» ተዋጊው ባዶ አየር መታ። «ይኼ ይሆን?» ተዋጊው ተንበረከከ። ወንፊት ሣጥኑን በመዳፉ በጥፊ መታው፤ ተዋጊው በገዛ እርግጫው ተጠልፎ ወደቀ።

ዘንጌ ጥርሱን አፋጨ። ቻምፒዮን ፊት እንዲህ መጫወት፣ ዘፋኝ ጆሮ ላይ ድስት መፋቅ ነው። «እባክዎ ይተውት!» ብሎ ሣጥኑን ነጠቀ፤ ጭኑ ላይ አኖረው። ዓይኑ ወንፊትን እያየ ነው፤ ሣጥኑን አላየም። የግራ አውራ ጣቱ ግን ወርዶ ብስኩት የመሰለችው ቁልፍ ላይ አረፈ። ተዋጊው ተስፈንጥሮ ከስክሪኑ ጫፍ በላይ ጠፋ፤ ለመውረድም ተግደረደረ። «ይኸው። ሕፃን ያውቀዋል።»

«ተመስገን» አለ ወንፊት። «እኔን ደግሞ ዕድሜ እየተጫነኝ ነው።»

ወንፊት ወደ ሟቹ ክፍል ተመልሶ በሩን ዘጋ። ሙዚቃው አሁንም ይዞራል። ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ግጥሚያ ቀድቶ ያስቀምጣል፤ በስክሪኑ ጠርዝ ላይም ተጫዋቹ የሄደበትን አቅጣጫ በቀስት ያሳያል፦ ለግራ የግራ ቀስት፣ ለቀኝ የቀኝ ቀስት፣ ተዋጊው ሲቆም ደግሞ ነጥብ።

መጀመሪያ ከሌላው ከተማ ተጫዋች ጋር በስልክ ተገናኘ።

«እውነት ሞተ?» አለ ሰውዬው። «እኔ እኮ አሁን ገጥሜዋለሁ።»

«እንዴት ነበር?»

«እጁ ነብር ነበር። ዳኛው እንደዚያ ሲመታ አይቼ አላውቅም፣ አጥንቴ ድረስ ነው የተሰማኝ። እግሩን ግን ምን እንደያዘው እንጃ። ሊመጣብኝ ይነሣና እንደ ሐውልት ይገተራል። እሱ ባይሆን ያሸንፈኝ ነበር። ‹ምን ነካህ?› ብዬ ብጽፍለት አልመለሰልኝም።»

ወንፊት ስልኩን ዘጋ። የጠዋቶቹን ቅጂዎች አየ። የመጨረሻውን ግጥሚያ አየ። ከዚያ ዳኛው ትናንት ከፍቶት የነበረ አንድ የቆየ ቅጂ አገኘ። ከፍቶ አየው፤ መልሶ አየው። ከኋላው የብረቱ ደረጃ አቃሰተ፤ ጀርባው ላይ ያለው ጸጉር ቆሞ ከቆመበት ለመውረድ ጊዜ ወሰደበት። ዞር ቢል ማንም የለም፣ ንፋስ ነው።

ከታች የመኪና ጡሩንባ ተነፋ። መኪናው ተመልሷል።

ሃምሳ አለቃው በሩን ከፈተ። «ጌታዬ፣ ልጅቷን ላውርዳት?»

«ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰብስብልኝ። እናትዬውንም። ካቴናውን አትርሳ።»

ተሰበሰቡ። አጎትዬው ቆመ። እናትዬው ልጃቸውን በክንዷ ይዘዋል፤ ሃምሳ አለቃው በሌላ ክንዷ በኩል ነው። ዘንጌ መስኮቱን ተደግፏል። ዝናቡ ገና አልጀመረም፤ ክፍሉ ግን ጨልሟል፣ የሚያበራው ትልቁ ስክሪን ብቻ ነው።

«ሃምሳ አለቃ ያለውን ልድገም» አለ ወንፊት። «ዳኛው ግጥሚያውን ተጫወተ፣ ከዚያ ተገደለ። ከግጥሚያው በኋላ ሕንፃው ውስጥ የነበረችው ሚጣ ብቻ ናት። እውነት ከሆነ ልጅቷ አለቀላት። ሁሉም የቆመው ግን በአንድ እግር ነው፦ የተጫወተው ዳኛው ነው በሚለው። ማን አየው?»

«እኛ አየነዋ!» አለ አጎትዬው።

«ያያችሁት ተዋጊውን ነው፣ ጋሼ። ተጫዋቹን አይደለም።»

የመጨረሻውን ግጥሚያ ከፈተ። ተዋጊው ወደፊት ይነሣል፤ ጠርዙ ላይ ነጥብ ትመጣለች፤ ቀጥ ይላል። እንደገና ይነሣል፤ ነጥብ፤ ቀጥ።

«ሚጣ፣ ይኼ መቼ ነው የሚሆነው?»

«ግራና ቀኝ አንድ ላይ ሲያዙ» አለች ዝቅ ብላ።

«ሣጥንሽ ተበላሽቷል?»

ስክሪኑን ትኩር ብላ አየች። «አልተበላሸም። ዳኛው ያለውን ነው የሠራው። የሚጫወተው ሰው ነው አንድ ላይ የሚይዛቸው።»

«የጠዋቶቹን እዩ።» ወንፊት ሌላ ቅጂ ከፈተ። ተዋጊው ሳይደናቀፍ ወደፊት ወደኋላ ይላል። «ዳኛው ነው። አንድ ጣቱን ሳያነሣ ሌላውን አያሳርፍም። ሕጉን ያወጣው ራሱ ነዋ! ጠዋቱን ሙሉ ያልሳተ ሰው፣ ከምሳ በፊት በአንድ ግጥሚያ በየእርምጃው ይስታል? ሣጥኑን የያዘው ሌላ ሰው ነው። ዳኛው ግጥሚያው ሲጀመር ሞቷል።»

እናትዬው አፋቸውን ያዙ። ሃምሳ አለቃው ከሚጣ ክንድ ላይ እጁን ቀስ ብሎ አነሣ።

«ግጥሚያው እየተካሄደ ሳለ ሚጣና ጋሼ እዚህ አብረው ቆመው ነበር። ሁለቱም ነፃ ናቸው። ያልነበረ ማነው?»

ሁሉም ወደ መስኮቱ ዞሩ።

«እኔን?» ዘንጌ ሳቀ። «ሰውዬ፣ እኔ እኮ ያንን ዕቃ ነክቼ አላውቅም!»

«ጋሼ መዝለያውን ከላይ ፈለጉት። እኔም ከላይ ፈለግኩት። ዕድሜ ልኩን ዘንግ ወደ ላይ የገፋ ሰውም ከሁሉ በፊት ከላይ ይፈልገዋል። ያንተ አውራ ጣት ግን ሳታይ፣ ዓይንህ እኔ ላይ ሆኖ፣ ቤቱን አውቆ ገባ። የሬሳውን አውራ ጣት እዚያ ያስቀመጠውም ይህንኑ የሚያውቅ ሰው ነው።»

«የአውራ ጣት ወሬ!»

«እሺ፣ ይህንንስ?» ወንፊት የቆየውን ቅጂ ከፈተ። «ዋንጫውን የወሰድክበት የፍጻሜ ግጥሚያ። በኢንተርኔት ስለነበር እጅህን ያየ የለም። ቀስቶቹን እዩ። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። ነጥቧ የለችም። ዘንግ መሐሉን ሳይረግጥ እንዴት ከግራ ቀኝ ይደርሳል? በራሪ ወፍ እንኳ መሐሉን ያልፋል። ይኼ በመጀመሪያው ናሙና የተጫወተ ሰው ነው፤ ኋላ የተነካው በሚያሸንፍበት። ናሙናው ደግሞ ያኔ የነበረው አንተ ዘንድ ነው፤ ሣጥኑም ከውድድር ታግዶ ነበር። ዳኛው ትናንት ይህንን አይቶ ገባው። ዛሬ ነገረህ። አንተም ተሰናብተህ በዋናው ደረጃ ወረድክ፣ በኋላው ወጣህ። ከገደልከው በኋላ ግን ግጥሚያው ሊጀመር ነው። ዳኛው ካልተጫወተ በሩ ሊንኳኳ ነው። ስለዚህ አንተ ተጫወትክለት። ማን ይጠረጥርሃል? የቁልፍ ጠላት ነህ! ጨርሰህ እጁን አስተካክለህ፣ በብረቱ ደረጃ ወርደህ ከጋሼ ኋላ ካፌ ገባህ። ጣትህ የለመደው ሕግ ግን ጠዋት ተለውጦ ነበር።»

የዘንጌ ሳቅ ቆመ። ሮጠው የማይደክሙት ጣቶቹ መስኮቱ ጠርዝ ላይ ደረቁ።

«ተለውጦ ነበር?» አለ።

ወንፊት በአገጩ ወደ ሚጣ ጠቆመው።

«ተለውጦ ነው?» ፊቱ ላይ የታየው ፍርሃት አልነበረም፤ እፎይታ ነበር። እሱን ያዩ ሁሉ በኋላ ያ እፎይታ እንቅልፍ ነሥቷቸዋል። «እኔ እኮ እጄ የፈራ መስሎኝ! ዘንጌ ጣቱ ከዳው ብዬ… ካፌ ቁጭ ብዬ ሳስብ የነበረው እሱን ብቻ ነው። በዚያ ተራ ተጫዋች መሸነፌን።»

የተናገረውን የሰማው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው።

ሃምሳ አለቃው ካቴናውን አወጣ። ልጁ ግድግዳ ላይ የለጠፈውን ፎቶ እያሰበ ነበር፤ እጁ ከብዶት የዘንጌን አንጓ ለማግኘት ተቸገረ።

«አንድ ነገር ንገረኝ» አለ ወንፊት። «ስትጫወት እሱ የት ነበር?»

«አጠገቤ። ከነወንበሩ ገፋ አደረግኩት።» ዘንጌ ወደ ሟቹ ክፍል በር አየ። «ያየኝ ነበር።»

ሙዚቃው ከሟቹ ክፍል በኮሪደሩ በኩል ይሰማል። ወንፊት ሄዶ አጠፋው። ሲመለስ እናትዬው ጃኬቱን ልጃቸው ትከሻ ላይ ጥለው «ነይ ሚጣዬ፣ እንሂድ፣ ከዚህ እንውጣ» ይሏታል። ሚጣ ግን አልተንቀሳቀሰችም። በሩ ላይ ቆማ የዘንጌን መንገድ ዘግታለች።

«ዳኛው ስለ ሣጥኑ ምን አለ?»

ዘንጌ አቀርቅሮ በጎኗ ሊያልፍ ሞከረ።

«መጨረሻ ያነጋገርከው አንተ ነህ። ለማንም አልተናገረም፣ ለእኔም አልነገረኝም። ምን አለ?»

«ልቀቂኝ፣ ሚጣ።»

«ንገራት» አለ ወንፊት።

ዘንጌ ቀና ሳይል ተናገረ። «‹አልፏል› አለ። ‹አሁን ለሁሉም እኩል ሆኗል፣ ነገ ይግባ እላለሁ› አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ ያኔ አልገባኝም። ‹አንተ ዋንጫውን ነገ በራስህ እጅ መልስ፤ ከዚያ በእሷ ሣጥን በግልጽ ተወዳደር፣ አሁንም ታሸንፋለህ› አለኝ።»

አጎትዬው ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። ሚጣ ጠዋት በዳኛው ላይ የጮኸችውን ጩኸት አሁን ራሷ የሰማችው መሰለች፤ እጇ ወደ አፏ ሄደ። ከዚያ አወረደችው።

«እንደገና በለው።»

«ሚጣ…»

«እሱ ያለውን። እንዳለው አድርገህ እንደገና በለው።»

«አልፏል፣ አለ» አለ ዘንጌ።

ሚጣ ከበሩ ዘወር አለች። ሃምሳ አለቃው እስረኛውን በጠባቡ ደረጃ ከፊቱ አድርጎ ወረደ፤ የካቴናው ድምፅ እየራቀ ሄዶ የመኪናው በር ሲዘጋ ተሰማ። ያን ጊዜ፣ ቀኑን ሙሉ ማንም እንባ ያላየባት ልጅ እናቷ ትከሻ ላይ ወድቃ አለቀሰች።